«ጉራጊኛ ትችላለህ?» «የትኛውን?»

የዛሬውን ነገር ከገዛ ቤቴ ልጀምረው።

ተወልጄ ያደግሁት ኮልፌ ነው፤ ከአጣና ተራ ብዙም ሳይርቅ። አባቴ በእምድብር በኩል የመጣ ቸሃ ነው። እናቴ ከቡኢ አካባቢ የመጣች ክስታኔ ናት። ሰፈሩ ሁለቱንም ጠቅልሎ «ጉራጌዎቹ» ይላቸዋል። እነሱም አቤት ይላሉ። ምን ችግር አለው? ጉራጌ ናቸዋ!

የቤታችን ቋንቋ ግን አማርኛ ነበር። ለምን ቢሉ፣ አባቴ በቸሃኛ ሲያወራ እናቴ አትሰማውም። እናቴ በክስታንኛ ስትመልስ አባቴ ከአሥር ቃል ሦስቱን ቢይዝ ነው። ስለዚህ ሁለት ጉራጌዎች ተጋብተው፣ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ በለመዱት አማርኛ ልጅ አሳደጉ። ወደየራሳቸው ቋንቋ የሚመለሱት ሲናደዱ ብቻ ነበር። እኛ ልጆች ምን እንደተባባሉ ስለማናውቅ በሰላም እንተኛ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር «አንተ የጉራጌ ልጅ፣ እስኪ በጉራጊኛ ተናገር» አለኝ። «የትኛውን?» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ያፌዝኩበት መስሎት ጆሮዬን ቆነጠጠኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ይኸው ሠላሳውን ከተሻገርኩ ቆይቻለሁ፣ እዚህም እዚያም እየጻፍኩ አድራለሁ፤ ያቺ «የትኛውን?» ያልኳት ነገር ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘችም።

የልጅነት ቀልድ ለጋዜጣ ምን ይረባል ትሉኝ ይሆናል። ይረባል። ምክንያቱም በዚችው ጥያቄ የተነሳ በዚህ አገር ሰው ሞቷል። ከኛ ሰፈር ሳልወጣ ልንገራችሁ።

የሟች ስም

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከቡታጅራ ወዲያ በመስቃንና በማረቆ መካከል ግጭት ተነሳ። የጠቡ መነሻ የቀበሌ ጉዳይ ነው፤ «ይህ ቀበሌ የማን ነው? ማንስ ያስተዳድረው?» የሚል። ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቀለ። ከዚያም ወዲህ ነገሩ በየጊዜው እያገረሸ ነፍስ በልቷል።

እኛ ሰፈር ከማረቆ የመጡ አንዲት እናት አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። በዚያ ሰሞን የወንድማቸው መርዶ መጣ። እድሩ ድንኳን ተከለ፤ ሰዉም ለቅሶ ሊደርስ ገባ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረውን ወሬ ግን ዛሬም አልረሳውም። «ጉራጌ እርስ በርሱ ተባላ አሉ፤ ምን ዓይነት ጊዜ መጣ!» ይላል አንዱ። «እንዴ! ጉራጌ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚጣላው? ሥራውን አይሠራም?» ይላል ሌላው። ክፉ አስበው አይደለም። የሚያውቁትን ነው የተናገሩት።

እትዬ ሰምተው ኖሯል። ሰዉ ሲበተን ጠርተው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ አይደል? ወንድሜ ጉራጌ አልነበረም፤ ማረቆ ነበር። በቁሙ ማን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ሲሞት እንኳ በስሙ አይለቀስለትም?»

መልስ አጣሁ። ያሳፈረኝ ደግሞ እኔም በልቤ «የጉራጌ ዞን ግጭት» እያልኩ ነበር የማስበው። «የትኛውን?» ያለው ልጅ ወዴት ሄዶ ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። የዚያን ለቅሶ ንፍሮ ሌሊቱን ሙሉ ስትቀቅል ያደረችው ጎረቤታችን የመስቃን ልጅ ናት። እዚያ ወንድም ከወንድም በቀበሌ ድንበር ሲጋደል፣ እዚህ ኮልፌ የመስቃኗ ልጅ ለማረቆዋ እናት እሳት ስታነድ አደረች። ልብ በሉ! እሷ ማረቆዋን «አንቺም ጉራጌ ነሽ» አላለቻትም። ማረቆ መሆኗን እያወቀች ነው አብራት ያለቀሰችው።

ጆንያው ውስጥ ማን አለ?

እስኪ «ጉራጌ» የምንለውን ጆንያ ፈትተን እንየው።

በምዕራብ በኩል ሰባት ቤት አለ፦ ቸሃ፣ እዣ፣ ጉመር፣ ጌቶ፣ እነሞር፣ እንደጋኝ፣ ሙህርና አክሊል፤ አቆጣጠሩ እንደ ቆጣሪው ይለያያል። ሽማግሌዎቻቸው በየጆካ ቂጫ ይዳኛሉ። በሰሜን ክስታኔ አለ፤ የሱ ሕግ የጎርደና ሴራ ነው። በምሥራቅ ዶቢና መስቃን አሉ። ወለኔና ገደባኖ አሉ። ከነዚህ መሃል ማረቆና ቀቤና ይኖራሉ፤ የነሱ ቋንቋ ጭራሽ ከሌላ ወገን ነው። ማረቆው የሚናገረው ሊቢዶ ኩሻዊ ሲሆን ከሐዲያ ጋር ይዛመዳል። ቀቤንኛም እንደዚሁ ኩሻዊ ነው።

የመጡበት ታሪክም አንድ አይደለም። አንዳንዱ አባቶቼ በአፄ አምደ ጽዮን ዘመን ከሰሜን፣ ከጉራ ከአዝማች ስብሐት ጋር መጡ ይላል። ስልጤው ደግሞ አባቴ ሐጂ አሊዬ ከሐረር በኩል መጣ ይላል። የክስታኔ ስም ራሱ «ክርስቲያን» ከሚለው ጋር ይያያዛል። ቋንቋ አጥኚው ሮበርት ሄትዝሮን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጻፋቸው ጥናቶች «ጉራጊኛ» የሚባል አንድ ቋንቋ እንደሌለ፣ ስሙ የተለያዩ ቋንቋዎችን እንዳጨቀ አሳይቷል። ስልጥኛና ወለንኛ ከቸሃኛ ይልቅ ለአደርኛ ይቀርባሉ። ስልጤው ቤትን «ጋር» ይለዋል፤ ሐረሪውም እንደዚሁ። አባቴ ግን ቤትን ቤት ነው የሚለው።

ሃይማኖቱም ቢሆን ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ካቶሊክ አለ፣ ፕሮቴስታንት አለ። ኮልፌን በመስከረም አጋማሽ ያያት ያውቃል፤ ሱቁ ተዘግቶ ግማሹ ሰው ለመስቀል በወልቂጤ መንገድ አገሩ ይገባል። በአረፋ ደግሞ ሌላው ግማሽ በቡታጅራ አድርጎ ወራቤ ይወርዳል። ከሁለቱም በዓል ያልሄደ ሰው የሌላውን ሱቅ ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ እኛ ከተሜዎች እንዴት ነው የምናውቀው? «ጉራጌ ሠራተኛ ነው» ብለን ነው። «ጉራጌ ነጋዴ ነው፣ ብር ይወዳል» ብለን ነው። ምስጋና የሚመስል ስድብ ማለት ይህ ነው። ከሊስትሮ ሳጥን ተነስቶ መርካቶ ላይ ፎቅ ያቆመውን እናደንቃለን፤ በምን ቋንቋ እናቱን እንደሚያናግር ግን ጠይቀን አናውቅም።

ይህ በጉራጌ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሸምነውን ሁሉ «ዶርዜ» እንለዋለን። ዶርዜ ግን ከብዙዎቹ የጋሞ ደጋ ደሬዎች አንዱ ብቻ ነው። «አማራ» ስንልስ? ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ ሰሞን ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና አቶ መለስ ዜናዊ በቴሌቪዥን «አማራ የሚባል ነገድ አለ፣ የለም» ብለው መከራከራቸውን የዕድሜ ባለጠጎች ያስታውሱታል። ጎጃሜው፣ ጎንደሬው፣ ወሎዬውና ሸዌው ራሱን በምን እንደሚጠራ ግን ከክርክሩ በፊትም በኋላም የጠየቀው አልነበረም። ባሕር ማዶ ያለው ወገናችንም ይህን ያውቀዋል። አሜሪካ ሲገባ ቅጹ ላይ «ጥቁር» የሚል ሳጥን ይጠብቀዋል። ከሚሲሲፒው ባሪያ የልጅ ልጅና ከጃማይካው ጋር በአንድ ሳጥን! የአሜሪካ መንግሥት የቅጹን ደንብ አሻሽሎ በዚያ ሳጥን ሥር «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን በምሳሌነት የጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። እኛ እዚያ «ለየብቻ ቁጠሩን» እንላለን። እዚህ ስንመጣ ሌላውን ጠቅልለን እንጠራለን። ያሳዝናል!

ስልጤ ምን አስተማረን?

ጆንያው አንዴ ተቀድዷል። ልጅ ነበርኩ፤ ግን አስታውሰዋለሁ። አጣና ተራ ያለው ባለሱቅ ስልጤ ነው፤ ጋሼ እንለዋለን። መጋቢት 1993 ዓ.ም. ሬዲዮኑን ሱቁ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ያዳምጣል። የስልጤ ሕዝብ «ጉራጌ ነኝ ወይስ ስልጤ?» በሚል ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሰጠበት ወር ነው። ከዚያ በፊት ሹማምንቱ «ጉራጌ ናችሁ፤ ነገሩ አልቋል» ይሉ ነበር። ጥያቄው እየተንከባለለ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፤ ምክር ቤቱም ሕዝቡ ራሱ ይወስን አለ። ሕዝቡም በሚያስደንቅ ብልጫ «ስልጤ ነኝ» አለ። ስልጤ የራሱ ዞን ሆነ፤ ወራቤም ከተማው ሆነች።

አባቴ በጊዜው ቅር ብሎት ነበር። «እነዚህ ሰዎች ምን አድርገናቸው ነው የሚሸሹን?» ይል ነበር። ጋሼ ደግሞ ሱቁ ድረስ ሄዶ ለጠየቀው ሰው ሁሉ የሚመልሰው አንድ ነገር ነበር። «ማን ሸሸ? እዚሁ ነኝ። ስሜን ነው የጠየቅኩት» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሱቁ አልተዘጋም። አባቴም ስኳር የሚገዛው ከሱ ነበር፤ ዱቤም የሚወስደው ከሱ ነበር። በዓመቱ ቅሬታውም ተረሳ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲደረግ ስልጤ 940 ሺህ ያህል ሆኖ ተቆጠረ። አዲስ አበባ ውስጥም ከመቶ 16 ያህሉ ጉራጌ፣ ከመቶ 3 የሚጠጋው ስልጤ ነኝ አለ። ሰማይ አልተደፋም!

ይህን የምለው ሁሉም ይገንጠል ብዬ አይደለም። ለአንድ ሕዝብ ስሙን ለመመለስ ያን ሁሉ ዓመት ስብሰባና ክርክር፣ በመጨረሻም ሕዝበ ውሳኔ ለምን አስፈለገ? ቢሮ ቁጭ ያለ ሹም «አንተ እገሌ ነህ» ሲል ለምን ዝም ተባለ?

ተቃራኒውንም አይተናል። ከስልጤው ውሳኔ በፊት፣ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ሁለት ዓመታት መንግሥት ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮን በአንድ ቋንቋ ላስተምር ብሎ «ወጋጎዳ» የሚል ነገር ፈጠረ። አራቱን ቋንቋ ቀላቅሎ መጽሐፍ አሳተመ። ቋንቋዎቹ ይቀራረባሉ፤ ይህን የካደ የለም። ነገር ግን ያልጠየቃቸውን ሰዎች ወደ አንድ ጆንያ ከተተ። ወላይታ ሶዶ ላይ ሕዝቡ ተነሳ፤ ሰው ሞተ፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ። ወላይታም ለብቻው ዞን ሆነ። ያልተጠየቀ ሕዝብ አንድ ላይ ቢጠቀለልም ይጮሃል፣ ቢቆራረጥም ይጮሃል ማለት ነው።

ስም ለምን ደም አስከተለ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ማረቆው «ማረቆ ነኝ» ማለቱ፣ ቀቤናው «ቀቤና ነኝ» ማለቱ ምን ይጎዳል? ምንም። ታዲያ ለምን ያጋድላል?

መልሱ ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፏል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ሁሉም ቋንቋዎች በእኩልነት እውቅና አላቸው ይላል። ግሩም ነው! አንቀጽ 39 ደግሞ ማንኛውም ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍ፣ ባህሉን የማሳደግና ታሪኩን የመንከባከብ መብት አለው ይላል። ይህም ግሩም! ነገር ግን ያው አንቀጽ ብሔር ማለት ምን እንደሆነ ሲተረጉም፣ ከባህልና ከቋንቋ ሌላ አብዛኛው ሕዝቡ ተያይዞ የሚኖርበት መልክዓ ምድር ይፈልጋል። አንቀጽ 61 ደግሞ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ውስጥ ቢያንስ አንድ ወንበር ይሰጠዋል።

እንግዲህ ሒሳቡን አስሉት። ስም ካለህ ወንበር አለህ። ወንበር ካለህ ወረዳ ወይም ዞን ትጠይቃለህ። ዞን ካለህ በጀት አለህ፣ ሹመት አለህ፣ መሬት የማደል ሥልጣን አለህ። ስም ከሌለህ ግን ቋንቋህ ትምህርት ቤት አይገባም፤ ዘፈንህ ሬዲዮ ላይ አይሰማም፤ ልጅህ «የትኛውን?» ሲል ጆሮው ይቆነጠጣል። ባህልን ለማስከበር ድንበር ማስመር የግድ ሆነ። ድንበሩ ሲሰመር ደግሞ መስመሩ የሚያልፈው በሰው ግቢ መሃል ነው። መስቃንና ማረቆ ለዘመናት አንድ ገበያ የወጡ ሕዝቦች ናቸው፤ ቀበሌያቸውን በመቀስ እንዴት ትለየዋለህ? በ2010 ዓ.ም. ወልቂጤ ላይ በቀቤናና በጉራጌ መካከል የተነሳውም ከዚሁ የተለየ አይደለም። በዚያው ዓመት በጎንደር በኩል የቅማንት ጥያቄ በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገበት፤ ከዚያ በኋላ ምን ያህል ደም እንደፈሰሰ እናውቃለን።

አገዛዙ ስሙን ቢቀይር ልማዱን አልቀየረም። ኢሕአዴግ ሄዶ ብልጽግና ሲመጣ ደቡብ ክልል እንደ ዳቦ ተቆረሰ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የጉራጌ ዞን ምክር ቤት «በክላስተር አልጠቃለልም፣ ክልል ልሁን» ብሎ በድምፅ ብልጫ ወሰነ። በዓመቱ፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ያው ጉራጌ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በሚባለው ክልል ውስጥ ራሱን አገኘው። ማረቆና ቀቤና ልዩ ወረዳ ሆኑ። ቡታጅራን ማዕከል ያደረገ ምሥራቅ ጉራጌ ዞንም ተቋቋመ። ከታች ለጠየቀው ሁሉ ከላይ የሚሰጠው መልስ ያው አንድ ነው፤ ካርታ። ሌላ መድኃኒት አያውቁም።

ለኛ ለአንድነት ሰዎችም

ይህን የሚያነብ ብዙ ወዳጄ እዚህ ላይ እጁን ሲያጨበጭብ ይታየኛል። «ድሮም ብለናል፤ ይህ ሁሉ ወያኔ ያመጣው ነው! ኢትዮጵያዊ ነን፣ በቃ!» የሚል አለ። ቆይ ጎበዝ፣ አትቸኩል። ላንተም የምለው አለኝ።

ማረቆን ወያኔ አልፈጠረውም። የጆካ ቂጫና የጎርደና ሴራ ከኢሕአዴግ በፊት ነበሩ፣ ከሱም በኋላ አሉ። ስለ አንድነት ስንናገር አንድ ዓይነት መሆን ማለታችን ከሆነ፣ እኛም ያው ጆንያ ሰፊዎች ነን ማለት ነው። «ብሔርህን አልጠይቅህም» ማለት ጥሩ ነው። ፋይዳ የሚባለው አዲሱ መታወቂያ ብሔር አለመጠየቁ ደስ ብሎኛል፤ በድሮው የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ አንድ ጸሐፊ ሳይጠይቀኝ የሞላልኝን አስታውሳለሁ። ነገር ግን «አልጠይቅህም» ሌላ፣ «አላውቅህም» ሌላ ነው።

በሌላ ወገን የምፈራውም አለ፤ እሱም ከኮልፌ አይርቅም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ በፖሊስ ጦር ሰፈር ነው። ከየት ነበር የመጣው? እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣ ሕግ እያንዳንዱ ዜጋ በዘሩ ተመዝግቦ ካርድ ከሚሰጠው አገር። አፓርታይድ ሁለት ተንኮል ነበረው። አንደኛ፣ ዙሉውን፣ ኮሳውን፣ ሶቶውን ጠቅልሎ አንድ ስም ሰጥቶ መብት ነሳቸው። ሁለተኛ፣ አንድ ሆነው ሲነሱበት ደግሞ «አይ፣ እናንተ እኮ ትለያያላችሁ፤ ባህላችሁን ላክብርላችሁ» ብሎ አሥር የጎሳ አገር አጥሮላቸው እዚያ ሊያጉራቸው ሞከረ። የማንዴላ የትውልድ አካባቢ ትራንስካይ እ.ኤ.አ. በ1976 «ነጻ አገር» ተባለች፤ ከደቡብ አፍሪካ በቀር ለዚያ ነጻነት የቆመለት መንግሥት አልነበረም። ማንዴላ ኮሳ መሆኑን አልካደም፤ በእናቱ ቋንቋ አላፈረም። አጥሩን ግን አልተቀበለም።

እንግዲህ ትምህርቱ ይኸው ነው። ልዩነትን ማወቅና ልዩነትን ማጠር ሁለት ነገር ናቸው። ጠቅላዩ ያው በዳይ ነው፤ አጣሪውም ያው በዳይ ነው።

ራሳችንንም እንይ

የሚያምም ነገር ልናገር፤ ጉራጌ ነኝና ከኔ ይጀምር። «እወቁን» የምንል እኛው ውስጥ ማንን አናውቅም? አገር ቤት የጉራጌ ቤት ሲሠራ መሃል ላይ የሚቆመውን ምሰሶ የሚጠርበው ሰው አለ። ስድብ በሆነ ስም «ፉጋ» ብለን እንጠራዋለን። መሬት ነፍገነዋል፤ ልጃችንን አንድርለትም፤ ማዕዳችንን አላካፈልነውም። ቤታችንን የሚያቆመው እሱ፣ ከደጃፍ የሚቀረው እሱ! ስለ ጉራጌ ባህል በአዳራሽ ክትፎ እየበላን ስንደሰኩር የሱ ስም ተነስቶ ያውቃል? ማረቆው እኛን የሚጠይቀን ጥያቄ፣ እኛ መንግሥትን የምንጠይቀው ጥያቄ፣ እሱ ሁላችንንም የሚጠይቀን ጥያቄ አንድ ነው።

ስም የሚነፈገው ሰው ብቻ አይደለም፤ ቋንቋም ይሞታል። መስመስ የሚባል የጉራጌ ወገን ቋንቋ ነበር። ዛሬ የሚናገረው የለም፤ ልጆቹ ወደ ሐዲይኛ ገብተዋል። ሲሞት ማን አለቀሰ? የነበረ መሆኑንስ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ታዲያ ምን ይደረግ?

መፍትሔ አዋቂ ነኝ አልልም። ዲፕሎማ ይዤ የምጽፍ ሰው ነኝ። ግን አራት ነገር ይታየኛል።

አንደኛ፣ እውቅና ከካርታ ይፋታ። አንድ ሕዝብ ቋንቋው እንዲጻፍ፣ ልጆቹ በሱ እንዲማሩ፣ ሥርዓቱ እንዲከበር ዞን እስኪሆን መጠበቅ የለበትም። አንቀጽ 5 ይበቃል፤ ከተሠራበት።

ሁለተኛ፣ ቆጠራው። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ሕዝብ ተቆጥሮ አያውቅም፤ ሲራዘም፣ ሲራዘም እዚህ ደርሷል። የሚቆጠርበት ቀን ሲመጣ ሰው ራሱን በሚጠራበት ስም ይጻፍ። ከአንድ በላይ የሆነውም ሁለቱንም ይጻፍ። እኔ ቸሃም ክስታኔም ነኝ። ጉራጌም ነኝ። ኢትዮጵያዊም ነኝ፤ የኮልፌ ልጅም ነኝ። አንዱን ለመምረጥ ወይ አባቴን ወይ እናቴን መካድ አለብኝ? አልክድም!

ሦስተኛ፣ «የጋራ ጉራጊኛ» እናበጃለን የሚሉ ወንድሞቻችን ወጋጎዳን ያስታውሱ። ሐሳባቸው ቅን ሊሆን ይችላል። ግን እናቴን ይጠይቋት። ማረቆውን፣ ወለኔውን ይጠይቁ። ያልተጠየቀ ሕዝብ ምን እንደሚያደርግ አይተናል።

አራተኛው ለኛ ለጋዜጠኞች ነው። «በጉራጌ ዞን ግጭት ተነሳ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ቦታም ይቆጥባል። ግን የሞተው ማን ነው? ስሙ፣ ሕዝቡ፣ ቋንቋው ምንድነው? ይህን ካልጻፍን ሟቹን ሁለት ጊዜ ቀበርነው ማለት ነው። እኔም ራሴ በዚህ ጥፋተኛ ነኝ፤ ለእትዬም ይህን ጽሑፍ ባለ ዕዳ ነበርኩ።

ከሁሉም በላይ ግን ኮልፌን እዩ። በ1999ኙ ቆጠራ ክፍለ ከተማው ብቻውን ከ4 መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው። ስልጤው፣ ክስታኔው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጋሞው፣ ማረቆው በአንድ እድር ደብተር ላይ ይከፍላል። የእድሩ ጸሐፊ ስም ሲጠራ ማን የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ማን ምን እንደሚበላ፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚጾም፣ ማን አስከሬኑን ወዴት እንደሚያዞር ያውቃል። ስለሚያውቅም አይሳሳትም። ያውቃል፣ ግን አያጥርም።

አጣና ተራ ብትመጡ አጣናው ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። አንዱ ለቤት ይገዛዋል፤ ሌላው ለአጥር። እንጨቱ ያው አንድ ነው። እኛም የቸሃውን፣ የስልጤውን፣ የማረቆውን ስም ለምን እንደምንፈልገው እንወስን።

እትዬ አሁንም እዚያው ሰፈር አሉ። ባለፈው ሳምንት ሳገኛቸው «ያ ነገር ምን ደረሰ ልጄ?» አሉኝ። ይኸው እትዬ፣ ጻፍኩት። ወንድምዎ ማረቆ ነበር። ነፍስ ይማር።

ልቦና ይስጠን። ቸር እንሰንብት!